የቆየ ምርጥ ቀይ ወይን አከፋፈትና አቀማመስ፦ ከመደርደሪያ እስከ መጨረሻው ጉንጭ

ለዓመታት የተቀመጠ፣ ረብጣ ገንዘብ የወጣበት ጠርሙስ ይከፈታል። ሁሉም አንድ አንድ ጉንጭ ይጎነጫል። ከዚያ ዝም። «ይሄ ነው እንዴ ያ ሁሉ የተወራለት?»

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የወይኑ አይደለም። ጠርሙሱ ከተኛበት ተነስቶ ወዲያው ተከፍቷል። አተላው ተደባልቋል። ወይኑ ከልክ በላይ ሞቋል። ወይም «አየር ያግኝ» ተብሎ ለሰዓታት ተከፍቶ ሲቀመጥ መዓዛው ተኗል። መቅመሱ ራሱ ያን ያህል አይከብድም። ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሽ ያህሉ ብርጭቆው ከንፈራችሁን ከመንካቱ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው። ቸኩላችሁ ወደ መቅመሱ አትዝለሉ።

እዚህ የምናወራው ከሁለትና ከዚያ በላይ የወይን ዝርያዎች ስለተቀየጠ፣ ጠርሙስ ውስጥም ስምንት አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ስለቆየ ቀይ ወይን ነው። ለአዲስ ወይን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም።

አስቀድማችሁ አዘጋጁ

- ጠመዝማዛ የቡሽ መክፈቻ፣ ከተገኘ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ያሉት መክፈቻ
- ዲካንተር፣ ማለትም ወይኑ ከጠርሙሱ የሚገለበጥበት የመስታወት እቃ (ከሌለ ንጹሕ፣ ሽታ የሌለው የመስታወት ማሰሮ)
- ከንፈራቸው ስስ፣ ሆዳቸው ሰፋ፣ አፋቸው ጠበብ ያለ ብርጭቆዎች
- ንጹሕ ነጭ ጨርቅና ነጭ ወረቀት
- የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት
- ቀዳዳው በጣም የደቀቀ የብረት ማጥለያ
- ውሃ፣ ቅመም የሌለው ዳቦ፣ መትፊያ እቃ
- እስክሪብቶና ወረቀት

ደረጃ 1፦ ጠርሙሱን መርምሩ (ከሦስት ቀን በፊት)

መጀመሪያ መለያ ወረቀቱን አንብቡ። የተጻፈው ዓመት ፍሬው የተለቀመበት ነው፤ ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ የገባበት አይደለም። አቆጣጠሩም ጎርጎርዮሳዊ ነው። ዕድሜውን ከዚያ አስሉ።

ቀጥሎ የትኛው ዝርያ እንደሚበዛበት ፈልጉ። ብርጭቆ ውስጥ ምን እንደሚጠብቃችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ከሆነ፣ በወንዙ ግራ ዳርቻ ባለው ሜዶክ ካበርኔ ሶቪኞን ይበዛል። ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው ነገር) ጠንካራ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። በቀኝ ዳርቻ ባሉት በሴንት ኤሚሊዮንና በፖምሮል ደግሞ ሜርሎ ይገዛል፤ ለስለስ ይላል፤ ቀድሞም ይደርሳል። ከዚያው ከፈረንሳይ፣ ከደቡብ ሮን የመጣ ቅይጥ ብዙውን ጊዜ ግሬናሽ፣ ሲራና ሙርቬድር ነው፤ አልኮሉ ከፍ ይላል፤ ቅመም ቅመም ይላል። የስፔኑ ሪዮሃ በቴምፕራኒዮ ላይ የቆመ ነው። እዚያ «ግራን ሬዜርቫ» የተባለ ቀይ ወይን ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 5 ዓመት፣ «ሬዜርቫ» የተባለው ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን «ሪዘርቭ» የሚለው ቃል ሕግ አያስረውም። ማንም ይለጥፈዋል። በእሱ አትማረኩ።

አሁን የወይኑን ከፍታ እዩ። ትከሻ ባለው ጠርሙስ፦

- አንገቱ ውስጥ ወይም አንገቱ ግርጌ ከሆነ፣ ጥሩ ነው።
- ትከሻው አናት ላይ ከሆነና ዕድሜው 20 ዓመት ካለፈ፣ ያለ ነው፤ አያስደነግጥም።
- የትከሻው መሃል ላይ ከወረደ፣ ዕድላችሁ እኩል በእኩል ነው።
- ከትከሻው በታች ከሆነ፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ በላይ ገፍቶ ከወጣ ብዙ ጊዜ ወይኑ ሙቀት መትቶት ያውቃል ማለት ነው። በአንገቱ ሽፋን ዙሪያ የሚያጣብቅ ነገር ካለ ደግሞ አፍስሷል።

ምልክቱ መጥፎ ከሆነስ? አትጣሉት። ክፈቱት፤ አንዳንዱ ያስገርማል። ብቻ እንግዳ ከጠራችሁ ሌላ ጠርሙስ በመጠባበቂያ ያዙ። የደህና ወይን ባለቤት ከሆኑ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ሳይነገራቸው ያደርጉታል።

በነገራችን ላይ፣ መቆየት ሁሉንም ወይን አያሳምርም። አብዛኛው ቀይ ወይን በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ርካሽ ወይን 15 ዓመት ሲቀመጥ ያረጀ ርካሽ ወይን ነው የሚሆነው።

ደረጃ 2፦ አቁሙት

ይህን ደረጃ ነው ሰው ሁሉ የሚዘለው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምቆጥረው ይህን ነው።

ወይኑ ሲቆይ ቀለሙና ታኒኑ እርስ በርስ እየተያያዙ ይከብዳሉ፤ ከዚያ ይዘቅጣሉ። አተላው ይህ ነው። ጤና አይጎዳም። ግን ይመራል፤ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ መዓዛውንም ያደበዝዛል። ጠርሙሱ ተኝቶ ከነበረ አተላው በጎኑ ተንጣሎ ይገኛል።

1. ጠርሙሱን ሳትገለብጡና ሳታሽከረክሩ ቀስ ብላችሁ አንሱት።
2. ቀዝቀዝ ባለና ጨለም ባለ ቦታ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።
3. ቢያንስ 24 ሰዓት ተዉት። 48 ሰዓት ይሻላል። ከ15 ዓመት በላይ ከሆነ ሳምንትም ቢቆም አይበዛበትም።
4. «እስቲ አሳዩኝ» የሚል ዘመድ ወይም ጓደኛ ቢመጣ በዓይኑ ይይ። በእጁ አይሆንም።

ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ ጠርሙስ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት አሳርፉት።

ጊዜ ከሌላችሁስ? እንግዳው በር ላይ ነው፤ ጠርሙሱ ገና ተኝቷል። እንግዲያው አታቁሙት። በተኛበት አቅጣጫ፣ ያው ጎኑ ወደ ታች እንደሆነ፣ በቅርጫት ወይም በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አንገቱን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ አስደግፉት። እንደዚያው ጋደል እንዳለ ክፈቱት፤ እንደዚያው ጋደል እንዳለም ቅዱት። ግማሽ መንገድ ቀና አድርጎ መልሶ ማጋደም ከሁሉ የከፋው ነው።

ደረጃ 3፦ ሙቀቱን አስተካክሉ

የምትፈልጉት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» የሚለው ምክር ለቀዝቃዛ ቤት እንጂ 25 ዲግሪ ለደረሰ ሳሎን አይሠራም። ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ይመታል፤ ስሱ መዓዛ ከኋላው ይሸፈናል። ከ14 በታች ከሆነ ደግሞ መዓዛው ይዘጋል፤ ታኒኑ ይሻክራል።

- ክፍሉ 24 ወይም 25 ዲግሪ ከሆነ ጠርሙሱን እንደቆመ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስገቡት።
- ከቀዝቃዛ ማከማቻ (12 ዲግሪ ገደማ) ከወጣ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል።
- ካጠራጠራችሁ ቀዝቀዝ ወዳለው አድሉ። ብርጭቆ ውስጥ በራሱ ይሞቃል።

አታድርጉ፦ በረዶ ቤት ውስጥ አትክተቱት። በረዶ አትጨምሩበት። ሙቅ ውሃ ውስጥም አትንከሩት። ከቀዘቀዘባችሁ የብርጭቆውን ሆድ በሁለት እጃችሁ እቀፉት፤ በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል።

ደረጃ 4፦ ብርጭቆ፣ ክፍልና አፍ

ባዶውን ብርጭቆ አሽትቱ። እውነቴን ነው። የቁም ሳጥን፣ የካርቶን ወይም የሳሙና ሽታ ካለው ወይኑን ትወቅሱታላችሁ። በሙቅ ውሃ ብቻ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ።

ክፍሉ ውስጥ ሽቶ፣ የሲጋራ ጭስና የምግብ ሽታ አይኑር። ለአንድ ሰዓት ያህል ቡና፣ ማስቲካና የጥርስ ሳሙና ራቁ። የሚቀምሰው ሁሉ ሲመረው የሚያመሽ ሰው ካለ፣ ጥርሱን መቼ እንደቦረሸ ጠይቁት።

ደረጃ 5፦ ቡሹን አውጡ

የቆየ ቡሽ ደርቆ ወይም ረጥቦ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም መንገድ ይፈረፈራል። ጉልበት እዚህ ቦታ የለውም።

1. የአንገቱን ሽፋን ሙሉ በሙሉ ግፈፉት። ለአዲስ ወይን አናቱን መቁረጥ ይበቃል። ለዚህኛው ግን በኋላ ወደ ዲካንተር ስትገለብጡ አንገቱን በብርሃን ማየት አለባችሁ።
2. የጠርሙሱን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ቡሹ አናት ላይ ሻጋታ ካለ አትደንግጡ፤ ከውጭ ነው። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1990ዎቹ በፊት የታሸጉ ብዙ ጠርሙሶች ሽፋናቸው እርሳስ የተባለው ብረት ነበር፤ የእነሱን አፍ ደጋግማችሁ ጥረጉ።
3. ቡሹን በጣት ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉት። ወደ ውስጥ ከሄደ ላልቷል፤ ካልሄደ ይዟል።
4. ከያዘ፣ ባለ ሁለት ምላሱን መክፈቻ ተጠቀሙ። ረጅሙን ምላስ በቡሹና በመስታወቱ መካከል አስገቡ፤ ከዚያ አጭሩን በተቃራኒው ጎን። ወዲህ ወዲያ እያወዛወዛችሁ ወደ ታች ስደዱት። ጠልቆ ሲያበቃ እያዞራችሁ ወደ ላይ ሳቡ።
5. ከላላ፣ ባለ ሁለት ምላሱ ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ጠመዝማዛውን ያዙ። ከመሃል ጀምሩ። ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ይቁም፤ የሚዞረው እጃችሁ እንጂ ጠርሙሱ አይደለም። የጠመዝማዛው ጫፍ የቡሹ ግርጌ ሊደርስ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ አስገቡት። አጋማሽ ላይ ካቆማችሁ ቡሹ እዚያው ላይ ነው የሚበጠሰው።
6. ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሲጥጥ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቁሙ፤ ትንፋሽ ውሰዱ፤ ቀጥሉ። የመጨረሻውን ሩብ በእጅ እያወዛወዛችሁ አውጡ። «ጧ!» የሚል ድምፅ አያስፈልግም።

ሁለት ክንፍ ያለውን መክፈቻ ለዚህ ሥራ አታውጡት። ወፍራም ጠመዝማዛው ያረጀ ቡሽ ይቦረቡራል።

ቡሹ ለሁለት ከተበጠሰ፦ ጠመዝማዛውን በግማሹ ቡሽ ውስጥ ጋደል አድርጋችሁ፣ ወደ መስታወቱ ግድግዳ እያስጠጋችሁ አስገቡ። ቡሹን ግድግዳው ላይ እያሻሻችሁ ሳቡት። ሦስት ጊዜ ሞክሮ እምቢ ካለ በቃ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ወይኑ አይበላሽም።

ከተፈረፈረ፦ የቀረውን ወደ ውስጥ ግፉና በደቀቀው ማጥለያ አጥልሉ። የወረቀት ማጥለያ ብቻ ካለ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ አለቅልቁት፤ አለዚያ የወረቀት ጣዕም ይጨምራል።

ቡሹ ሲወጣ ጎኑን እዩ። ግርጌው ላይ ብቻ ከቀላ ጥሩ ነው። ጎኑ እስከ አናቱ ድረስ ከቀላ አየር ሲያስገባ ኖሯል። ቡሹን አፍንጫ ላይ ደግኖ ማሽተት ግን ብዙ አይነግራችሁም፤ ቡሽ ቡሽ ነው የሚሸተው። የሚሸተተው ወይኑ ነው።

የጠርሙሱን አፍ ከውስጥ በኩል ጥረጉ።

ደረጃ 6፦ ማጥለል ወይስ አለማጥለል?

ወይን ወደ ዲካንተር የሚገለበጠው (እዚህ ማጥለል የምንለው ይህን ነው) በሁለት ምክንያት ነው፦ ከአተላው ለመለየትና አየር እንዲያገኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ያረጀ ወይን የመጀመሪያውን በጣም ይፈልጋል፤ ሁለተኛውን ይፈራል።

መጀመሪያ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ቅዱና ቅመሱ። ከዚያ ወስኑ።

- ከ8 እስከ 12 ዓመት፣ ታኒኑ ገና ጠንካራ ከሆነ፦ አጥልላችሁ አንድ ሰዓት ገደማ አቆዩት።
- ከ12 እስከ 20 ዓመት፦ አጥልሉ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል።
- ከ20 ዓመት በላይ፦ ልትጠጡ ስትሉ ብቻ አጥልሉ፤ ወይም ከጠርሙሱ በቀጥታ በጥንቃቄ ቅዱ።

ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ ዳኛው ያ የመጀመሪያ ጉንጭ ነው። መዓዛው ወዲያው ከተከፈተላችሁ አትጠብቁ። ጭምት ካለ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ቅመሱ። የዘገየ ወይን መጠበቅ ይቻላል። የሄደ መዓዛ ግን አይመለስም።

አጠላለሉ

1. ለአሮጌ ወይን ሆዱ ጠበብ ያለ ዲካንተር ምረጡ። በጣም ሰፊው ብዙ አየር ይሰጣል።
2. የስልካችሁን መብራት ወደ ላይ አብርታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ሻማም ይሆናል፤ ከማማሩ በቀር ብልጫ የለውም።
3. የጠርሙሱ ትከሻ ከብርሃኑ በላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ጠርሙሱን ቀስ ብላችሁ አጋድሙ።
4. ሳታቋርጡ በቀጭኑ ቅዱ። አንዴ ከጀመራችሁ ጠርሙሱን አታቅኑ። ቀና ባለ ቁጥር ወይኑ ወደ ኋላ ይመታል፤ አተላውን ያስነሳል።
5. ዓይናችሁ ከትከሻው አይነቀል።

መጀመሪያ ብርሃኑ ቀዩን ወይን ሰንጥቆ ጥርት ብሎ ያልፋል። ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ከሆዱ በኩል ጭስ የመሰለ ቀጭን ጅራት ወደ ትከሻው መሳብ ይጀምራል። ያኔ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ጅራቱ ወፍሮ ጥቁር ጥቁር ቅንጣት ሲያስከትል አቁሙ። ሁለት ሦስት ሾርባ ማንኪያ ወይን ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል። ይቅር። ያቺን ለማዳን ሲባል ነው ሙሉው ዲካንተር የሚደፈርሰው።

ከደፈረሰባችሁስ? ወዲያው አቁሙ። የተቀዳውን በደቀቀው ማጥለያ አሳልፉ። እንደ ዱቄት የላመውን ማጥለያም አይዘውም፤ እሱን ብርጭቆ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፋችሁ ከላይ ከላይ ጠጡ። የብርጭቆው ታች ላይ ስትደርሱ ተዉት።

ግርጌው ላይ የሚያብረቀርቅ እንክብል ነገር ካያችሁ የተሰበረ መስታወት አይደለም። ከወይኑ አሲድ የሚመጣ የታርታር ክሪስታል ነው፤ አይጎዳም።

ደረጃ 7፦ እዩት

ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ቅዱ፤ ከብርጭቆው ሢሶ አይለፍ። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አጋድሙና መሃሉንም ጠርዙንም እዩ። ወይኑ ወጣት ሲሆን ጠርዙ ወይን ጠጅማ ነው። ሲቆይ ወደ ጥልቅ ቀይ፣ ከዚያ ወደ ጡብ ቀለም፣ ቀጥሎም ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ሰፋ ያለ የጡብ ቀለም ጠርዝ የዕድሜ ምልክት ነው እንጂ የመበላሸት አይደለም። መሃሉም ጠርዙም አንድ ላይ ቡናማ ከሆነ ግን ሳያልፍበት አልቀረም።

በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ስለሚወርደው «እንባ» ብዙ ይባላል። እሱ የሚናገረው በዋናነት ስለ አልኮሉ ነው፤ ስለ ጥራቱ አይደለም። እለፉት።

ደረጃ 8፦ አሽትቱ

1. ሳታሽከረክሩ አሽትቱ። ስሱ መዓዛ መጀመሪያ የሚወጣው ያኔ ነው፤ ካሽከረከራችሁ በአልኮሉ ይዋጣል።
2. አጫጭር ትንፋሽ ሳቡ። አንድ ረጅም ሳይሆን ሦስት አጭር።
3. የመጣላችሁን ጻፉ። ጎረቤታችሁን አትጠይቁ፤ አንዱ «ትምባሆ» ካለ ሁሉም ትምባሆ ይሸተዋል።
4. ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ፤ እንደገና አሽትቱ።

መጀመሪያ ጉድለት ፈልጉ

- *እርጥብ ካርቶን፣ የሻገተ ምድር ቤት፦* ቲሲኤ የሚባል ውህድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቡሹ ይመጣል። አይጎዳም፤ ግን መዓዛውን ይገድላል።
- *አቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፦* ጥቂት ከሆነ ይታለፋል፤ አፍንጫ ከወጋ አልቆለታል።
- *የተቀጠቀጠ ፖም፣ ጠፍ ያለ ጠረን፦* አየር ገብቶበታል።
- *የተቀቀለ ማርማላታ፦* ሙቀት መትቶታል።
- *የጋጣ ሽታ፦* ብሬታኖማይሲስ የተባለ እርሾ ሥራ ነው። ቀለል ሲል የሚወዱት አሉ። የበዛው ግን ፍሬውን ይሸፍናል።

አንድ ቁም ነገር እዚህ ጋ ያዙ። ብዙ ዓመት የተዘጋ ጠርሙስ ሲከፈት መጀመሪያ ላይ የታፈነ ሽታ ሊኖረው ይችላል። እሱንና ቲሲኤን ሰው ያምታታቸዋል። መለያው ቀላል ነው፤ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። የታፈነው ይሄዳል። ቲሲኤ ባለበት ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም ይብስበታል።

ከዚያ ጥሩውን ፈልጉ

የቆየ ወይን መዓዛ በሦስት ንብርብር ይመጣል። የመጀመሪያው ፍሬው ነው። ትኩሱ ፍሬ በዕድሜ ወደ ደረቀ ፕለም፣ ወደ በለስ፣ ወደ ዘቢብ ይለወጣል። ሁለተኛው ከአሠራሩና ከበርሜሉ የመጣው ነው፦ ቫኒላ፣ ቅርንፉድ፣ ጭስ። ሦስተኛው የዕድሜው ነው፦ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ እርጥብ ቅጠል፣ እንጉዳይ፣ የዝግባ ዓይነት እንጨት። ገንዘባችሁን የከፈላችሁት ለሦስተኛው ነው። ግን ፍሬው ፈጽሞ ከጠፋና የቀረው እርጥብ ቅጠል ብቻ ከሆነ፣ ወይኑ ጊዜው አልፎበታል።

ቅይጥ ስለሆነ ማን እንደሚናገር ማዳመጥ ይቻላል። የተቀረጸ እርሳስና የጥቁር ቤሪ ጠረን ብዙ ጊዜ ከካበርኔ ነው። ፕለም ከሜርሎ። ቁንዶ በርበሬና ጭስ ከሲራ። እንጆሪና የደረቀ ቅጠላ ቅጠል ከግሬናሽ። ይህን መለየት ካቃታችሁ ምንም አይደል። በደንብ የተቀየጠና በደንብ የበሰለ ወይን ዝርያዎቹን አንድ አድርጎ ነው የሚያቀርባቸው። ይልቅ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ የሚጮህ ከሆነ ማስታወሻችሁ ላይ አስፍሩት።

ስም ፍለጋ አትጨነቁ። «የአያቴ ሳጥን ሲከፈት» ብሎ መጻፍ ከተዋሳችሁት ቃል ይበልጣል።

ምንም ካልሸተታችሁ፦ ቀዝቅዞ ይሆናል፤ ብርጭቆውን እቀፉትና ጠብቁ። ወይም አፍንጫችሁ ደክሟል። ግማሽ ደቂቃ አርፋችሁ የራሳችሁን እጅጌ አሽትቱ፤ ያድሰዋል።

ደረጃ 9፦ ቅመሱ

የመጀመሪያው ጉንጭ አፍ ለማጠብ ነው። አትፍረዱበት። ከሁለተኛው ጀምሩ።

1. አንድ ሾርባ ማንኪያ የሚያህል (15 ሚሊ ሊትር ገደማ) ወደ አፋችሁ ውሰዱ።
2. ምላስ ላይ፣ ጉንጭ ውስጥ፣ ድድ ሥር አዳርሱት። አትቸኩሉ።
3. ከንፈራችሁን ገጠም አድርጋችሁ በጥቂቱ አየር ሳቡበት። ድምፅ ያሰማል፤ አይታፈርበትም። መዓዛው ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣው እንዲህ ነው።
4. በቅደም ተከተል ጠይቁ፦ ፍሬው አለ? ኮምጣጣነቱ ምራቅ ያመጣል? ታኒኑ ድዱን ይጨመድዳል? አልኮሉ ጉሮሮ ያቃጥላል?
5. ዋጡ ወይም ትፉ። ከዚያ ጣዕሙ እስኪጠፋ ድረስ ሰከንድ ቁጠሩ።

ታኒን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው። ታኒን ጣዕም አይደለም፤ ስሜት ነው። ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አፍ ይደርቃል። ወጣት ወይን ላይ ሻካራ ነው። በደንብ በቆየ ወይን ላይ ግን ልስልስ ብሎ፣ ልክ እንደ ከፋይ ጨርቅ፣ ምላስ ላይ መንሸራተት አለበት። ስለዚህ «ይደርቃል ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ «እንዴት ነው የሚደርቀው?» በሉ። ፍሬው ሄዶ ድርቀቱ ብቻ ከቀረ ወይኑ ቆይቶ አልበሰለም፤ ቆይቶ ከስቷል።

ጣዕሙ ከአምስት ሰከንድ በፊት ከጠፋ አጭር ነው። ከአሥራ አምስት ካለፈ ጥሩ ወይን ይዛችኋል። ፈረንሳዮች ለዚህ መለኪያ አላቸው፤ አንዷን ሰከንድ «ኮዳሊ» ይሏታል። ግን የቀረው ምን እንደሆነም እዩ። ምሬት ብቻ ከሆነ ርዝመቱ አያኮራም።

ችግር ካለ

- *ሁሉም ነገር ከመረራችሁ፦* አተላ ገብቷል፣ ወይም ቀደም ብላችሁ ቡና ጠጥታችኋል። በውሃና በዳቦ አፋችሁን አጽዱና ከላይኛው ወይን እንደገና ቅመሱ።
- *ካቃጠለ፦* ሞቋል። ዲካንተሩን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት።
- *ስል ኮምጣጣ ከሆነና ፍሬ ከሌለው፦* አልፎበታል። አየር አያድነውም፤ አታድክሙት።
- *ደብዛዛ ከሆነ፣ ግን ጉድለት ከሌለው፦* ተዉትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ተመለሱ።

ደረጃ 10፦ ጊዜ ስጡት

እንደተከፈተ፣ ከ15፣ ከ30 እና ከ60 ደቂቃ በኋላ ያው ብርጭቆ ላይ ተመለሱና አንድ አንድ መስመር ጻፉ። ያረጀ ወይን በአንድ ሰዓት ውስጥ ተከፍቶ፣ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ሊወርድ ይችላል። ማስታወሻ ያልያዘ ሰው የመጨረሻውን ብቻ ያስታውሳል።

ምግቡ ይቆይ። መጀመሪያ ወይኑን ብቻውን ቅመሱት። ከዚያ ቅመም ያልበዛበት ጥብስ ሥጋ ወይም ጣዕሙ ለስለስ ያለ ጠንካራ አይብ ይስማማዋል። ሚጥሚጣና ቃሪያ፣ አቼቶ ያለበት ሰላጣ፣ ቸኮሌትና ሰማያዊ አይብ ይደፍቁታል። ሌላ ወጣትና ኃይለኛ ወይን በዚያው ምሽት ካለ፣ አሮጌውን አስቀድሙ ባይ ነኝ። ምላስ ገና ሳይደክም።

የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስድስት ሰው 120 ሚሊ ሊትር ያህል ያደርሳል። ከዚያ በላይ ሰው አትጥሩበት፤ ለመከታተል አይበቃም። መኪና የሚነዳ ሰው አይጠጣ፤ ይትፋ፣ የተፋም ቢሆን መሪ ከመያዝ ቢቆጠብ ይሻላል።

ከተረፈ

ወዲያው በትንሽ ጠርሙስ (375 ሚሊ ሊትር ያለው ምቹ ነው) እስከ አፉ ሙሉት። አየር እንዳይኖረው ክደኑና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡ። የአሥር ዓመቱ ለነገ ይደርሳል። ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ግን በዚያው ምሽት ይለቅ።

ካርቶን ካርቶን የሸተተውን ደግሞ እንዳትደፉት። ቡሹን መልሱና ለሻጩ ውሰዱት፤ ሁኔታውን የሚረዳ ሻጭ ብዙ ጊዜ ይለውጣል። የሚያየው ግን ወይኑ ጠርሙሱ ውስጥ ካለ ነው፤ ባዶ ጠርሙስ ይዞ የሚሄድን ማንም አይሰማም።